ልጆቹን ስኖው ላይ ላውጣቸው ወይስ ቤት ላቆያቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው፣ ቤቴ ውስጥ ዴይኬር ከከፈትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ስድስት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ 14 ወሯ ነው፣ ትልቁ አራት ዓመት ተኩል፣ ሦስቱ የሀበሻ ልጆች ሲሆኑ ሁለቱ የሱማሌ ናቸው አንዱ ደሞ የአሜሪካን። ሰመሩን ጓሮ ውስጥ ስናሳልፍ ምንም አልተቸገርኩም፣ ከኖቬምበር ወዲህ ግን ቤት ተዘግተን እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ሶፋ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ እኔም ሲደክመኝ ቲቪ እከፍትላቸዋለሁ። ዴይኬሬን የምታማክረኝ ኮቿ መጥታ የዊንተር አክቲቪቲ ጨምሪ አለችኝና ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ስኖውማን ማታ ማታ በወረቀት ስቆርጥ አመሻለሁ፣ እነሱ ግን በሁለት ደቂቃ ለጥፈው ይነሳሉ። ላውጣቸው ስል ደሞ አንዷ እናት ልጄን ብርድ እንዳታስመቺብኝ ብላኛለች። እኔ ራሴ ስኖው ያየሁት እዚህ አገር መጥቼ ነው፣ ስለ ዊንተር ጨዋታ ምን አውቄ ነው የማጫውታቸው? ብዙ ገንዘብም የለኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መቀሱን አስቀምጪው። ማታ ማታ ቁጭ ብለሽ መቁረጡን ከዛሬ ጀምሮ ተይው፣ ምክንያቱም ያንን ሥራ የሠራሽው አንቺ ነሽ እንጂ ልጆቹ አይደሉም። አንቺ አስበሽ፣ አንቺ ቆርጠሽ፣ አንቺ አሰናድተሽ ለነሱ የተረፈው ነጭ ክብ ላይ ሌላ ነጭ ክብ መለጠፍ ብቻ ነው፣ ታዲያ የሁለት ዓመት ልጅ እዛ ላይ ሁለት ደቂቃ መቆየቱም ጥሩ ነው። አንቺ ስለማትችይበት አይደለም፣ ልጆቹም ችግር የለባቸውም። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚማረው በእጁ ነክቶ፣ አፍስሶ፣ ቆፍሮ፣ ወድቆ ተነስቶ ነው፣ ደሞ በርሽ ላይ ያ ሁሉ ስኖው በነጻ ተቆልሎ እያለ የስኖው ሥዕል ምን ያደርግላቸዋል? እውነተኛውን ስጫቸው። ሲቻል እነሱን ወደ ስኖው አውጫቸው፣ ሳይቻል ስኖውን ወደነሱ አስገቢላቸው፣ የቀረውን ሰዓት ደሞ አንቺ ራስሽ ልጅ ሆነሽ በተጫወትሻቸው ጨዋታዎች ሙይው። ምን አውቃለሁ ብለሻል፣ ከምታስቢው በላይ ታውቂያለሽ፣ ወደሱ እመጣለሁ።

አሁን ብርዱን እናውራ፣ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነውና። ጃንዋሪ ላይ እዛ አንቺ ያለሽበት ቀን ቀን 20 ፋራናይት አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 6 እና 7 ማለት ነው። ለኛ ጆሮ ያስደነግጣል፣ በደንብ ለለበሰ ልጅ ግን የመጫወቻ አየር ነው። ስልክሽ ላይ ዲግሪውን ብቻ አይተሽ አትወስኚ፣ ዊንድ ቺል የሚለውን እዪ፣ ነፋሱ ሲጨመርበት ቆዳ ላይ ስንት ሆኖ እንደሚሰማ የሚነግርሽ እሱ ነው። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ ያለበት የዴይኬሮች የጤና መመሪያ ዊንድ ቺሉ ከዜሮ በታች 15 ፋራናይት ከደረሰ ለልጅ አደገኛ ነው ይላል፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 26 ገደማ ነው፣ ስለዚህ እዛ ከደረሰ በር አይከፈትም አለቀ። እስከዛ ድረስ ግን ሁሉም ልጅ እኩል ይወጣል ማለት አይደለም፣ ዊንድ ቺሉ ከ0 ፋራናይት በታች ሲሆን አምስት አስር ደቂቃ ወጣ ብሎ መመለስ ይበቃል፣ ለትንሿ ደሞ ከዛም ያነሰ። ዴይኬሮች ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት አረንጓዴ ቢጫና ቀይ የተቀባ የአየር ሁኔታ ቻርት አለ፣ አትመሽ በሩ ጋ ለጥፊው፣ ወላጅም ሲገባ ያየዋል። ላይሰንስሽን የምትቆጣጠረው ሴትዮ ከዚህ የጠበቀ ነገር ካላት ደሞ እሷ ያለችው ይበልጣልና ጠይቂያት።

ውጪ እያላችሁ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ጆሮና የጣት ጫፍ ቶሎ ቶሎ እዪ። ቆዳው ነጣ ወይ ገርጣ ብሎ ደንደን ካለ፣ ወይ ልጁ አይሰማኝም ካለሽ ወዲያው ግቡ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደሞ ንጣቱ አመድማ መስሎ ነው የሚታየውና እንዳያመልጥሽ። አትሺው፣ የፈላም ውሃ አታስነኪው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አድርጊለት፣ ቶሎ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ደውዪ። ይህን ያልኩሽ ላስፈራሽ አይደለም፣ ምን እንደምታዪ ካወቅሽ ተረጋግተሽ ስለምታጫውቻቸው ነው።

ልብስ ላይ ብዙ ልበል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ዊንተርን የሚጠላው እዛ በር ላይ ባለው ትርምስ ነው። ስድስት ልጅ አልብሶ ማውጣት ግማሽ ሰዓት ሊፈጅብሽ ይችላል፣ አንቺ ደሞ ይሄን ግማሽ ሰዓት እንደባከነ ነው የምታዪው አይደል? እኔ አክቲቪቲው እሱ ነው እልሻለሁ። ዚፕ መሳብ ለጣት ሥራ ነው፣ ቦቱ የቱ የቀኝ የቱ የግራ ነው ብሎ ማሰብ ትምህርት ነው፣ የራሱን ጃኬት ራሱ የለበሰ የሦስት ዓመት ልጅ ፊቱ ላይ የምታዪው ኩራት በየትኛውም ወረቀት አይገኝም። ስለዚህ አትቸኩዪ፣ ግን ቅደም ተከተል ይኑርሽ። መጀመሪያ ዳይፐርና ሽንት ቤት፣ ይሄን ከረሳሽ ሁሉም ከለበሰ በኋላ አንዱ ሽንቴ መጣ ይልሻል። ከዛ ካልሲ፣ ከዛ ስኖው ፓንት፣ ከዛ ቦት፣ ከዛ ጃኬት፣ ከዛ ኮፍያ፣ ጓንት መጨረሻ ላይ፣ ጓንት ያደረገ ልጅ ሌላ ምንም ማድረግ አይችልምና። ትላልቆቹን አስቀድመሽ አስጀምሪያቸው፣ አንቺ ራስሽ ልበሺ፣ ትንሿን በመጨረሻ አልብሻት ወዲያው ውጡ፣ ቀድማ ከለበሰች ቤት ውስጥ በላብ ትጠመቅና ውጪ ስትወጣ ያ ላብ ነው የሚያቀዘቅዛት።

ጃኬት ለመልበስ አንድ ዘዴ አለ፣ እዚህ አገር ፕሪስኩል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ጃኬቱን ከፍተሽ ወለል ላይ በጀርባው አስተኚው፣ ኮፍያው ወይም አንገቱ ወደ ልጁ እግር ይዙር፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ ይከትና ጃኬቱን በጭንቅላቱ ላይ ገልብጦ ወደ ኋላ ይጥለዋል፣ ተለበሰ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ይችለዋል፣ አንዴ ከቻለው ደሞ በቀን አስር ጊዜ ልልበስ ይልሻል። እየለበሱ በአማርኛ ቁጠሩ፣ ጓንቱ የት አለ፣ ኮፍያህ ምን ዓይነት ቀለም ነው እያልሽ አውሪያቸው፣ የሀበሻ ወላጆችም ልጃቸው ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጓንት እያለ ቤት ሲመጣ ደስታቸውን አትጠይቂኝ።

ከልብሱ ሳልወጣ፣ ከውስጥ ጥጥ አይሁን፣ ጥጥ ከረጠበ እርጥበቱን ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ሱፍ ወይ ፍሊስ ይሻላል። ጣት ጣት ካለው ጓንት ይልቅ አውራ ጣቱ ብቻ የተለየው ለትንንሾቹ ይሞቃል፣ ለመልበስም ይቀላል። የአንገት ልብስ ደሞ ረጅም ስካርፍ አይሁን፣ መንሸራተቻ ወይ ዥዋዥዌ ላይ ተጠምጥሞ ሊያንቅ ይችላል፣ በጭንቅላት የሚጠለቀውን ይግዙላቸው። ወላጆች ማታ ሊወስዱ ሲመጡ ደሞ ያንን ወፍራም ጃኬት እንዳለበሱ ካር ሲት ላይ እንዳያስሯቸው ንገሪያቸው፣ ቀበቶው ይላላና በአደጋ ጊዜ አይዝም፣ አስረው ሲያበቁ ጃኬቱን ከላይ ያልብሷቸው።

እሺ ወጣችሁ። ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ምንም። እውነቴን ነው፣ ማንኪያ፣ አሮጌ ድስት፣ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህንና ትንንሽ አካፋ አውጪና ዞር ብለሽ እዪ። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ወጥ ይሠራል፣ አንዷ ስኖው ላይ ተንጋላ ሰማይ ታያለች፣ ትንሿን ስሌድ (ስኖው ላይ የሚጎተተው መንሸራተቻ) ላይ አስቀምጠሽ ሳብ ሳብ አድርጊያት፣ ከዛ አውርደሻት በእጇ ትንካው። ሲሰለቻቸው ነው አንቺ የምትገቢው። የስፕሬይ ጠርሙስ ውስጥ ውሃና የምግብ ቀለም አድርገሽ ስጫቸውና ስኖውን ይቀቡት፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ እያሉ ባንዲራ ይሥሩ፣ መጫኑ ራሱ ጣታቸውን ያጠነክራል። ወይ ዱካ ፍለጋ ሂዱ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጥንቸልና ስኩዊረል የሌለበት ጓሮ ያለ አይመስለኝም፣ ማታ ማን እንደመጣ ወዴት እንደሄደ ዱካውን እየተከተሉ ይገምቱ፣ ከዛ የራሳቸውን የቦት ዱካ ከጓደኛቸው ጋር ያስተያዩ፣ የማን ይበልጣል የማን ያንሳል፣ ይኸው ሒሳብ ነው።

ስኖው እየወረደ ከሆነ ደሞ ጥቁር ጨርቅ ውጪ ትንሽ አቆይተሽ አቀዝቅዢውና የሚወርደውን ተቀበዪበት፣ ርካሽ ማጉሊያ መነጽር ስጫቸው። በቨርሞንት የሚኖር ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል ገበሬ በ1885 ካሜራና ማይክሮስኮፕ አገናኝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዷን የስኖው ቅንጣት ለብቻዋ ፎቶ አንስቷት ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉም ከ5,000 በላይ አነሳ። ፎቶዎቹ ኢንተርኔት ላይ አሉ፣ ለአራት ዓመቱ ልጅ አሳዪውና ስንት እግር እንዳላት ይቁጠር፣ ስድስት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየሻቸው የወረቀት ስኖውፍሌኮች ብዙዎቹ ስምንት ናቸው፣ ልጁ ያንን አይቶ ይሄ ልክ አይደለም ካለሽ ሳይንስ አስተማርሽው ማለት ነው።

ስኖው እንብላ ማለታቸው አይቀርም። ከመሬት አይበላም በዪ፣ መንገድ ዳር ያለው ጨውና የመኪና ቆሻሻ አለበት። ስሌድ ላይ ደሞ ተቀምጠው እግራቸውን ወደፊት አድርገው፣ ከመንገድ ርቀው፣ ሄልሜት ካላቸው አድርገው። የተቆለለ ስኖው ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ መግባት የለም፣ ይደረመሳል።

ሲገቡ ጉንጫቸው ቀልቶ አፍንጫቸው እየፈሰሰ ነው የሚገቡት፣ አትደንግጪ። እርጥቡን አውልቀሽ ደረቅ ካልሲ፣ ከዛ ለብ ያለ አጥሚት። የገብስም ሆነ የአጃ፣ የአሜሪካኑም የሱማሌውም ልጅ ይወደዋል፣ አለርጂ ብቻ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ለትንሿ ደሞ ማር የጨመርሽ እንደሆነ አንድ ዓመት ስለሞላት ችግር የለውም፣ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ብትቀበዪ ግን ማር በጭራሽ። ውጪ ቆይተው የገቡ ልጆች ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ያ ቲቪ የምትከፍቺበት ሰዓት አለ አይደል፣ አብዛኛው እዛው ይቀንሳል።

በጣም የበረደ ዕለት ስኖውን አስገቢው። ትልቅ የዕቃ ማጠቢያ ሳፋ ሙሉ ስኖው ፎጣ ላይ አስቀምጪ፣ ጓንታቸውን አድርገው ከዛ ደሞ አውልቀው ይንኩት፣ ማንኪያና ኩባያ ስጫቸው፣ አለቀ። አንድ ብርጭቆ ጢም አድርገሽ ሙዪና ከላይ በቴፕ ምልክት አድርጊበት፣ ከምሳ በኋላ ስኖው የት ሄደ? ያ ሁሉ ቀልጦ ታች ትንሽ ውሃ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ልጆቹ ማን ጠጣው ብለው ይከራከራሉ፣ ቶሎ ብለሽ መልሱን አትንገሪያቸው፣ ይከራከሩ። ማታ ደሞ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልተሽ ፕላስቲክ እንስሳት ውስጡ ከትተሽ በረንዳ ላይ ተይው፣ የሚኒሶታ ሌሊት ፍሪዘር አያስፈልገውም። ጠዋት ያንን በረዶ ትሬይ ላይ አድርጊና እንስሶቹን አድኗቸው በያቸው። ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ ያፈሳሉ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ያሉት ጨው ይበትኑበታል፣ ጨው በረዶን ከዜሮ ሴልሺየስ በታችም እንዲቀልጥ ያደርገዋልና የነካው ቦታ ይቦረቦራል፣ ከተማው መንገድ ላይ ጨው የሚበትነው ለዚህ እንደሆነ በዛው ትነግሪያቸዋለሽ። ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ እጃቸው ላይ ቁስል ያለበት እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቂ። ለዚህ የሚሆናቸው እንስሳ ትልቅ ይሁን፣ በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የማነቅ አደጋ ስላለው አይሰጥም።

አንዳንድ ዓመት ደሞ ስኖው ራሱ ይጠፋል፣ በ2023 እና 24 ዊንተር ሚኒሶታ እንዴት እንደሞቀ እዛ የነበሩት ያስታውሳሉ። ያኔ ሦስት ኩባያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ ኩባያ ነጭ የፀጉር ኮንዲሽነር ስታሺው ቀዝቀዝ ያለ የሚቦካ ስኖው ይወጣዋል፣ ግን ለትላልቆቹ ብቻ፣ አይበላምና። ኢንተርኔት ላይ ከሚያሳዩሽ ነገር ውስጥ ደሞ ቤትሽ እንዳይገባ የምለምንሽ አለ። ውሃ ሲነካ የሚያብጡት ትንንሽ ኳሶች፣ ዋተር ቢድስ የሚባሉት፣ ልጅ ከዋጣቸው ሆድ ውስጥ አብጠው አንጀት ይዘጋሉ። ያ በዱቄት የሚሸጠው ውሃ ሲነካው የሚያብጥ አርቴፊሻል ስኖውም ለትንንሾቹ አይሁን። ስኖውማን የሚሠሩበት ማርሽሜሎና ፖፕኮርን ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ያንቃል። ፊኛም ተይው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ስለ ዊንተር ጨዋታ ምን አውቃለሁ ብለሽኛል፣ ኩኩሉ ታውቂያለሽ አይደል? ኩኩሉ! አልነጋም! ኩኩሉ! አልነጋም! ይሄ እኮ ከዊንተር ጋር የተወለደ ያህል ነው። ሰሜን ሚኒሶታ ጫካ ውስጥ ያሉት ጥቁር ድቦች ዊንተሩን ዋሻቸው ውስጥ ተኝተው ነው የሚያሳልፉት። ጠረጴዛ ላይ ጋቢ ጣይበት፣ ዋሻው ያ ነው፣ አንዱ ልጅ ድብ ሆኖ ይግባ። ሌሎቹ በእግር ጣታቸው ቀስ ብለው ቤቱን ይዙሩ፣ ድቡ ከውስጥ ኩኩሉ ሲል አልነጋም ይበሉ፣ አንቺ ስትጠቁሚያቸው ሁሉም ነጋ! ይበሉና ድቡ ወጥቶ ያባርራቸው። ይሄን ሲጫወቱ መጠበቅ ተማሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ተማሩ፣ ማዳመጥ ተማሩ፣ ሮጠው ላባቸውም ወጣ። የሁለት ዓመቶቹ ሕጉ ላይገባቸው ይችላል፣ ዝም ብለው አብረው ይጩኹ። ለትንሿ በሻሽ ፊትሽን ሸፍነሽ ግለጪ፣ ለሷ ኩኩሉ ያ ነው።

መሀረቤን ያያችሁ ደሞ አለ። እሱን ጓንቴን ያያችሁ አድርጊው። ክብ ሠርተው ይቀመጡ፣ አንዷ በዙሪያቸው እየዞረች ጓንቴን ያያችሁ ትበል፣ አላየንም ይበሏት፣ ጓንቷን ከአንዱ ጀርባ ትጣልና ትሩጥ። ሰኞ ማክሰኞን ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ በቴፕ፣ ውጪ ስኖው ላይ ባለቀለም ውሃ አስምሪው፣ በትልቅ ቦት መዝለል ለጡንቻ ከባድ ሥራ ነው፣ ይወዱታል። ሌላው የገና ጨዋታ ነው። እናንተ ሰፈር ሆኪ የሃይማኖት ያህል ነው፣ እኛ ደሞ ከጥንት ጀምሮ ታኅሣሥ ላይ ቆልማማ ዱላ ይዘን ሩር ስንመታ የኖርን ሕዝብ ነን። ጋዜጣ ጠቅልለሽ በቴፕ አጥብቀሽ ዱላ አድርጊላቸው፣ የተጠቀለለ ካልሲ ሩር ይሁን፣ ሁለት ወንበር ጎል፣ ሦስትና አራት ዓመት የሞላቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው ይጫወቱት፣ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሳም በዪ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ፣ ተረቱንም አስተምሪያቸው። የአሜሪካኑ አባት ሲያይ ሆኪ ነው ይልሻል፣ ገና ይባላል በዪው፣ የኛም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ፣ የዊንተር አክቲቪቲ ማለት የክሪስማስ አክቲቪቲ ማለት አይደለም። የሱማሌ ልጆች አሉሽ፣ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑን ለወላጆቻቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ስሙን ካልወደዱት የካልሲ ሆኪ በዪው። ስኖው፣ በረዶ፣ ድብ፣ ወፍ የሁሉም ነው። ለምሳሌ ሚኒሶታ ውስጥ ቀዩ ካርዲናልና ትንሿ ቺካዲ ዊንተሩን ሙሉ አይሄዱም፣ የጥድ ፍሬ ላይ ሾርትኒንግ (የረጋ የምግብ ዘይት) ቀብታችሁ የወፍ እህል ላይ አንከባላችሁ መስኮቱ ፊት ለፊት ስቀሉላቸው፣ ለለውዝ አለርጂ ሲባል ፒነት በተር አትጠቀሚ። ለወራት ሲመለከቱት የሚኖሩት ነገር ነው።

ሌላም ቀለል ያለ አለ፣ ምንጣፍ ላይ ሁለት የወረቀት ሳህን ረግጠው በዘፈን መንሸራተት፣ ነጭ ካልሲ ጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ መወርወርና መቁጠር፣ ትንሽ ትራስ እግራቸው ላይ አድርገው ሳይጥሉ እንደ ፔንግዊን መራመድ፣ ወንዱ ኤምፐረር ፔንግዊን እንቁላሉን ሁለት ወር ገደማ እግሩ ላይ ይዞ እንደሚቆም እየነገርሻቸው። ለኮቿ ደሞ እነዚህን ስትጽፊ ከጎኑ ምን እንደተማሩበት አንድ መስመር ጨምሪ፣ ቋንቋ፣ ቁጥር፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ሳይንስ፣ ፎቶ አያይዢበት፣ ከወረቀት ስኖውማን በላይ ደስ ይላታል።

ያቺ እናት። እባክሽ አትናቂባት፣ አላዋቂም አታድርጊያት። እኛ ያደግንበት ቤት ማሞቂያ የለውም፣ ክረምት ላይ የረጠበ ልጅ ቀኑን ሙሉ ረጥቦና በርዶት ነው የሚውለው፣ ስለዚህ እናቶቻችን ብርድ እንዳይመታችሁ ማለታቸው ልክ ነበሩ። እዚህ ግን ልጁ ደረቅ ለብሶ ወጥቶ ወደሞቀ ቤት ነው የሚመለሰው። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ዊንተር ላይ የሚበዛው አንዱ ምክንያት ደሞ ሁላችንም በሩን ዘግተን አንድ አየር ስለምንተነፍስ ነው። ይሄን ግን ልትረቻት ብለሽ አትንገሪያት፣ በር ላይ ቸኩላም አታናግሪያት፣ ማታ ቴክስት አድርጊላት። እንዲህ በያት፦ «ሰላም እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ። ልጃችን ደህና ነው። ስለ ብርዱ ያልሽኝን አስቤበታለሁ፣ እኔም እንዳንቺ ነው የምሳሳለት። ነገ አየሩ ጥሩ ስለሆነ ከፈቀድሽልኝ አምስት ደቂቃ ብቻ ላወጣው ነበር፣ ከመውጣቱ በፊት እንዴት እንደለበሰ ፎቶ እልክልሻለሁ፣ ሲገባም እጁና እግሩ መሞቁን አይቼ እነግርሻለሁ። ካልተመቸሽ ንገሪኝ።» እምቢ ካለች እምቢ ነው፣ ደብቀሽ እንዳታወጪው፣ አንዴ ከደበቅሽ ሁለተኛ አታምንሽም። ለሱ ሳፋ ሙሉ ስኖው ቤት አስገቢለትና ቪዲዮውን ላኪላት፣ ሲስቅ ስታየው በሚቀጥለው ሳምንት ራሷ ትጠይቅሻለች ብዬ አስባለሁ። አስም እንዳለበት ግን ጠይቂያት፣ ቀዝቃዛ አየር አስምን ይቀሰቅሳል፣ ካለበት ከሐኪሙ የተጻፈ ነገር ያስፈልግሻል።

ለወላጆቹ ለዊክኤንድም ሐሳብ ስጫቸው። ሴንት ፖል ያለው የኮሞ ፓርክ የአትክልት ቤት መግቢያው በፈቃድ ስጦታ ነው፣ ውጪ ሁሉ በረዶ ሆኖ ውስጡ እርጥብና ሙቅ ነው፣ እናቶች ራሳቸው አገራቸው የገቡ ይመስላቸዋል። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ደሞ ከ1886 ጀምሮ ያለው የሴንት ፖል ዊንተር ካርኒቫል አለ፣ ከበረዶ የተቀረጹትን ነገሮች ልጆቹ ቢያዩ ሰኞ ሲመጡ በረንዳሽ ላይ የራሳቸውን ይሠራሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አሻንጉሊት አትግዢ፣ ጓንት ግዢ። ያለሽን ትንሽ ብር ትርፍ ጓንትና ትርፍ ካልሲ ላይ አውዪው፣ ምክንያቱም ልጅ ከውጪ የሚመለሰው ሰውነቱ በርዶት ሳይሆን ጓንቱ ረጥቦ ነው፣ ለያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጥንድ ካለሽ ጠዋትም ከሰዓትም ትወጫለሽ። ስኖው ፓንትና ቦት ወላጆች አንድ አንድ እዛው አንቺ ጋ እንዲተዉ ጠይቂያቸው፣ ያልቻለ ካለ ትሪፍት ስቶር ሂጂ፣ ሰፈርሽ ያለውን ዕቃ በነጻ የሚሰጣጡበትን የፌስቡክ ግሩፕም ግቢበት፣ የልጅ ልብስ ሳይበላሽ ስለሚጠብ ብዙ ይገኛል። አዲስ መግዛት ካለብሽ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ጠብቂ፣ ሱቆቹ የዊንተር ልብስ በቅናሽ የሚያወጡት ያኔ ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲሆናቸው አንድ ቁጥር ከፍ አድርገሽ ያዢ።